የኔታን ዓይን ላስመረምር ነው፤ ምን ይጠብቃቸዋል?

ጥያቄው በአጭሩ ይህ ነው፦ «አባቴ 58 ዓመታቸው ነው፤ ደብረ ኤልያስ አካባቢ ቅኔ ያስተምራሉ። ዓይናቸውን ታመው አያውቁም። ለፋሲካ ቤት ስገባ ግን ዳዊታቸውን ክንዳቸው እስኪዘረጋ ድረስ አርቀው ሲደግሙ አየኋቸው። ደብረ ማርቆስ ወስጄ ጠቅላላ የዓይን ምርመራ ላስደርግላቸው ብል ‹ዓይኔ ደህና ነው፤ ደግሞስ እዚያ የሚጨምሩት ውኃ ብሌን ያፈሳል ይባላል› ብለው እምቢ አሉኝ። ምን ምን ያደርጓቸዋል? ያማል? በዚያው ቀን እንመለሳለን? መነጽርስ አንዴ ከለመዱ ዓይናቸው አይደክምም?»

እህቴ፣ መጀመሪያ ልብሽን ላሳርፈው። አያምም። በጠዋት ከገባችሁ በዚያው ቀን ትወጣላችሁ። ጠብታው ብሌን አያፈስም፣ መነጽርም ዓይን አያደክምም። የቀረውን ረጋ ብዬ ላውራሽ። እኔ ኦፕቶሜትሪስት፣ ማለትም ዓይን መርማሪና መነጽር ለኪ ባለሙያ ነኝ፤ ወንበሬ ላይ ከሚቀመጡት ብዙዎቹ ከማቻከል፣ ከአነደድ፣ ከጎዛምን የሚመጡ ገበሬዎችና ካህናት ናቸው፤ አባትሽን የማውቃቸው ያህል ነው የተሰማኝ።

«ዓይኔ ደህና ነው» ማለታቸው ውሸት አይደለም። የቅኔ ትምህርት በቃል ነው፤ መምህሩ ይዘርፋል፣ ተማሪው ይቀበላል፣ ጉባኤ ቃናውም መወድሱም ከአፍ ወደ ጆሮ ይሄዳል። ዳዊቱንም ቢሆን ስንት ሺህ ጊዜ ደግመውታል። መጽሐፉ ፊታቸው ላይ ይዘረጋል እንጂ ግማሹን ዓይናቸውን ጨፍነው ያወርዱታል። ስለዚህ ጸሐፊ ወይም ልብስ ሰፊ በሁለት ወር የሚነቃበትን ድካም፣ የቅኔ መምህር አምስት ዓመት ሳያውቀው ይኖራል። በዚያ ላይ ተማሪዎቹ አሉ፤ ማታ ሲወጡ አንዱ መብራት ይይዛል፣ አንዱ እጃቸውን ይደግፋል። ክብር ነው ይባላል፤ ክብርም ነው። ግን ደግሞ የደከመ ዓይን ጥሩ መደበቂያ ነው።

ሌላው መደበቂያ የዓይን ሁለት መሆን ነው፤ አንዱ ሲደክም ሌላው ይሸፍንለታል። አንድ ጊዜ አንድ መሪጌታ የልጃቸው ልጅ አምጥቷቸው፣ ለራሳቸው ሳይሆን ለልጁ ደስታ ብለው ተቀመጡልኝ። ቀኝ ዓይናቸውን በመሸፈኛ ያዝኩና «ያዩትን ይንገሩኝ» አልኳቸው። ትንሽ ዝም ብለው ቆዩ። ከዚያ «መብራት አጠፋችሁ እንዴ?» አሉኝ። መብራቱ እንዳለ ነው። ግራ ዓይናቸው ብርሃንና ጥላ ከመለየት ያለፈ ማየት ካቆመ ከርሟል፤ በዚያች ደቂቃ ነው ያወቁት።

ስለዚህ ከመሄዳችሁ በፊት እቤት አንድ ነገር አድርጊ። በረንዳ ላይ፣ በቀን ብርሃን፣ አንድ ዓይናቸውን በመዳፋቸው ሸፍነው (ሳይጫኑ) በሌላው ማዶ ያለውን ዛፍ ይዩ፤ ከዚያ ይለዋውጡ። ቀጥለሽ ዳዊቱን ክፈችና በቀይ ቀለም የተጻፈ ቅዱስ ስም ፈልገሽ በየተራ በአንዳንድ ዓይናቸው ያሳዩሽ። ቀዩ በአንዱ ዓይን እንደ በርበሬ ቀልቶ በሌላው እንደታጠበ ጨርቅ ደብዝዞ ከታያቸው፣ ይህን ለመርማሪው ሳትነግሪ እንዳትወጪ። የዓይን ሞራም ቀለም ያደበዝዛል፤ የዓይን ነርቭ ሲታመምም ቀይ መጀመሪያ ይደበዝዛል። ሁለቱን የሚለየው ምርመራው ነው።

ስለ ቀኑ ምርጫ ደግሞ ልናገር፤ ይህን ሆስፒታል ውስጥ ማንም አይነግርሽም። ጠብታ ዓይን ውስጥ ሲገባ ዓይን ላይ ብቻ አይቀርም፤ በእንባ መውረጃዋ ቀጭን ቱቦ ወደ አፍንጫ፣ ከዚያ ወደ ጉሮሮ ይወርዳል፣ ይመርራል። ጾም ላይ ያሉ ወይም ለቅዳሴ የሚገቡ ካህናት በዚህ ምክንያት ጠብታውን እምቢ ብለው የሄዱብኝ አሉ። ጾም ይፈታል አይፈታም የሚለውን ለንስሐ አባታቸው እተወዋለሁ፤ የእኔ ምክር ክርክሩ ሳይነሣ ቀኑን መምረጥ ነው። የፍስክ ቀን፣ የወር በዓል ያልሆነ፣ እሳቸው የማይቀድሱበት። የግድ በጾም ከሆነም ከጠብታው በኋላ በአፍንጫና በዓይን መካከል ያለችውን ጥግ በጣት ጫን አድርጎ ሁለት ደቂቃ መያዝ የሚወርደውን በጣም ይቀንሰዋል። ምርመራው ራሱ በባዶ ሆድ መምጣትን አይጠይቅም፤ ቁርስ በልተው ይምጡ። ብዙ ሰው የደም ምርመራ ይመስለውና ተርቦ ይመጣል፤ ከዚያ ወረፋው ላይ ያዞረዋል።

ይዛችሁ የምትመጡት፦ የሚወስዱት መድኃኒት ሁሉ ከነካርቶኑ፣ ከሱቅ ተገዝቶ የተቀመጠ ጠብታ ካለ እሱም ጭምር፣ አሮጌ መነጽር ካለ፣ የጤና መድን ደብተር ካላቸው ደብተሩና ከጤና ጣቢያቸው የተጻፈ ሪፈር (ያለ ሪፈር ስትመጡ መድኑ ላይሠራ ይችላል፤ ካርድ ክፍል ላይ እንዳትጣሉ)። ዳዊቱንም ያዢ። ቀልድ አይደለም፣ ምክንያቱን በኋላ እነግርሻለሁ። ጥላቸውን ወይም ሰፊ ባርኔጣ አትርሺ። መንገዱ ክፍት መሆኑንም ከመናኸሪያ ደውለሽ አጣሪ፤ ደርሶ መመለስ በሰላሙ ቀን ያለውን ያህል ቀላል አይደለም።

እዚያ ስትደርሱ መጀመሪያ የሚገጥማቸው ጥያቄ ነው፤ ሰውም የሚሰለቸው እሱን ነው። «ዓይኔን ልታይ መጣሁ እንጂ ስለ አስም ምን አገባህ?» ያለኝ ሰው አለ። ያገባኛል። ለዓይን ግፊት (ከደም ግፊት የተለየ፣ በዓይን ውስጥ ያለው ፈሳሽ ግፊት ነው) ከሚታዘዙት የታወቁ ጠብታዎች አንዱ፣ ቲሞሎል የሚባለው፣ የአስም ሕመምተኛን ትንፋሽ ያሳጥራል፣ የልብን ምት ያዘገያል። ስኳር ያለበት ሰው ምንም ባይሰማው እንኳ የዓይኑ የኋላ ክፍል በየዓመቱ መታየት አለበት። «ከቤተሰብ ዓይኑ የጠፋ አለ?» የሚለው ደግሞ ለወግ የሚጠየቅ አይደለም፤ የዓይንን ነርቭ ቀስ በቀስ የሚያጠፋው ግላኮማ የሚባል በሽታ በዘር ይሄዳል። አያትሽ በስተርጅና ዓይናቸው ጠፍቶ ከነበረ «በእርጅና ነው» ብለሽ አትለፊው፤ ተናገሪ።

አባትሽ ዝም የሚሉት እዚህ ላይ ስለሚሆን አንቺ ተናገሪላቸው፦ ዓይን ሲቆጠቁጣቸው ምን ያደርጋሉ? ቅጠል ጨምቀው ይሆናል። ጠበል ይረጫሉ። ወይም ጎረቤት የሰጣቸውን ጠብታ ያደርጋሉ። እኔ በጠበል ማንንም አልቆጣም፤ እምነቱን ትቶ እንዲመጣ የጠየቅሁትም የለም። የሚያስፈራኝ ያ የጎረቤት ጠብታ ነው። ከፋርማሲ ያለ ማዘዣ የሚሸጡ፣ መቅላትን በአንድ ሌሊት የሚያጠፉ ጠብታዎች ውስጥ ዴክሳሜታዞን የሚባል ስቴሮይድ ያለባቸው አሉ። ለወራት ሲደረጉ የዓይንን ግፊት ከፍ ያደርጋሉ፣ ሞራም ያመጣሉ። ዓይኑ ነጭ ሆኖ፣ አምሮ፣ ውስጡ ይሞታል። ጠርሙሱን አምጪው ያልኩሽ ለዚህ ነው።

ከዚያ ሰሌዳው ነው። ከግድግዳው 6 ሜትር ርቀው ይቀመጣሉ፤ ክፍሉ ጠባብ ከሆነ በመስታወት ርቀቱን እናሟላዋለን። የእንግሊዝኛ ፊደል ለማያነብ ሰው የምንጠቀመው ሦስት ጥርስ ያለው ምልክት አለ፤ ለገበሬዎቹ «መንሽ» እለዋለሁ፣ ወዲያው ይገባቸዋል። መንሹ አንዴ ጥርሱን ወደ ላይ፣ አንዴ ወደ ቀኝ፣ አንዴ ወደ ታች ያዞራል፤ ሥራቸው በእጃቸው አቅጣጫውን ማሳየት ብቻ ነው። መንሹ ወደ ታች በወረድን ቁጥር ያንሳል። ውጤቱ እንደ 6/6 ወይም 6/18 ይጻፋል። የላይኛው እሳቸው የቆሙበት ርቀት ነው፤ የታችኛው ጤነኛ ዓይን ያንኑ መንሽ ከስንት ሜትር እንደሚለየው ነው። 6/18 ማለት ሌላው ሰው በ18 ሜትር የሚለየውን እሳቸው 6 ሜትር ድረስ ቀርበው ለዩት ማለት ነው።

እዚህ ላይ ቃል የለመደ ሰው ያስቸግረኛል፤ እውነቴን ነው። አንድ የድጓ ተማሪ በር ላይ ወረፋ ሲጠብቅ ከፊቱ የነበሩትን አራት ሰዎች ሰምቶ ሰሌዳውን ሙሉ በቃሉ ይዞት ገባ። «ላይ፣ ቀኝ፣ ታች፣ ግራ፣ ግራ፣ ላይ» እያለ ሳያቆም፣ ዜማ ሊጨምርበት ምንም አልቀረው፤ እኔም የ6/6 ዓይን አገኘሁ ብዬ ልጽፍ ነበር። ሰሌዳውን ገልብጬ ብሰቅለው ሦስተኛው መስመር ላይ ቆመ። ለአባትሽ አስቀድመሽ ንገሪያቸው፦ ይህ ፈተና አይደለም፣ የሚያልፍበት የሚወድቅበት የለም። ያላዩትን «አላየሁም» ማለት ለእኛ ካዩት ይበልጥ ይጠቅመናል። ትልቅ ሰው ባለማየቱ ያፍራል፣ ይገምታል፣ አንዳንዱ መርማሪውን ለማስደሰት ይገምታል። የተገመተ መልስ የተሳሳተ መነጽር ይወልዳል።

መስመሩ ላይ ሲቆሙ መሐሉ ጠባብ ቀዳዳ ያለው ጥቁር ሳህን ዓይናቸው ላይ ይደረጋል። በዚያች ቀዳዳ አጮልቀው ሲያዩ የታችኛው መስመር ከጠራላቸው ችግሩ በአብዛኛው መነጽር የሚያስተካክለው ነው። ካልጠራላቸው ሌላ ነገር እንፈልጋለን። ዋጋው ከአንድ ሲኒ ቡና የማይበልጥ ዕቃ ይህን ያህል መናገሩ እስከ ዛሬ ይገርመኛል።

ለመነጽሩ ልኬት ከባድ፣ እንደ አሮጌ መነጽር ክፈፍ ያለ ነገር አፍንጫቸው ላይ ይቀመጥና መስታወት እየተቀያየረ «ይሄ ይሻላል ወይስ ያኛው?» ይባላሉ። «አንድ ናቸው» ማለትም መልስ ነው። በአንዳንድ ቦታ ደግሞ አገጫቸውን አስደግፈው ወደ ማሽን ውስጥ እንዲያዩ ይደረጋል፤ ማሽኑ ቁጥር ያወጣል። እኔ በማሽኑ ብቻ የተሰጠ መነጽር አልወድም፤ መነሻ ይሁን እንጂ የመጨረሻው ቃል የበሽተኛው ነው።

አሁን ዳዊቱ። አባትሽ መጽሐፉን ማራቃቸው ከ40 ዓመት በኋላ ማንም የማያመልጠው ነገር ነው። በዓይን ውስጥ ያለችው ሌንስ በወጣትነት እንደ ለስላሳ ሊጥ ቅርጿን እየለወጠች ቅርብንም ሩቅንም ታጠራለች፤ ዕድሜ ሲጨምር ትጠነክራለች፣ ቅርቡን ማጥራት ያቅታታል። ኩራዝ አላመጣውም፣ ማንበብ ብዛትም አላመጣውም። በኩራዝ ማንበብ ዓይንን ያደክማል፣ ግን አያጠፋም። በ58 ዓመት አብዛኛው ሰው ቁጥሩ ፕላስ ሁለት ወይም ሁለት ከሩብ አካባቢ የሆነ ማንበቢያ መነጽር ያስፈልገዋል። ግን ሁሉም ሰው በአንድ ርቀት አያነብም። ዳዊት ጉልበት ላይ የሚያኖር አለ፣ አትሮንስ ላይ የሚያኖር አለ። የእኛን የወረቀት ፊደል ከምሰጣቸው የራሳቸውን መጽሐፍ በራሳቸው አያያዝ እንዲይዙት አድርጌ ብለካ እመርጣለሁ፤ መነጽሩ ያኔ ነው ቤት ሄዶ የሚያገለግለው።

መነጽር ዓይን ያሰንፋል የሚባለው መሠረት የለውም። መነጽሩን ሲያወልቁ ቀድሞ ከነበረው የባሰ የሚመስላቸው ጥርት ያለውን ስለቀመሱ ነው። ገበያ ላይ ደረቱ ላይ ደርድሮ የሚያዞር ልጅ የሚሸጠው የማንበቢያ መነጽርም ዓይን አያጠፋም፤ የሁለቱ ዓይን ቁጥር እኩል ለሆነ ሰው ይሠራል። ጉዳቱ ሌላ ነው። ሰውየው ማንበብ ሲችል ጉዳዩ አለቀ ብሎ ይቀመጣል። ወደዚህ እመለሳለሁ።

ቀጥሎ ከውጭ ያለው ይታያል። መርማሪው በባትሪ ወይም ስሊት ላምፕ በሚባለው ማሽን ያያቸዋል፤ አገጭና ግንባር ስለሚደገፍ ጥምጣማቸውን ትንሽ ወደ ኋላ ገፋ ማድረግ ይኖርባቸዋል፣ ቀድመሽ ብትነግሪያቸው ጥሩ ነው። ከዚያ የላይኛውን የዓይን ቆብ ይገለብጣል። ይህ ሁለት ሴኮንድ የሚፈጅ፣ ደስ የማይል ግን የማያም ነገር ነው። በእኛ አካባቢ ይህን የማያደርግ መርማሪ ሥራውን አልሠራም እላለሁ፤ የማዝ (ትራኮማ) ጠባሳ የሚገኘው ከቆቡ በስተጀርባ ነውና። የማዝ ነገር በየዓመቱ በሚታደለው ዚትሮማክስ በሚባል መድኃኒት ብቻ የሚያልቅ አይደለም፤ በልጅነታቸው ደጋግሞ የያዛቸው ሰዎች ቆባቸው ወደ ውስጥ እየታጠፈ ሽፋሽፍታቸው የዓይኑን ፊት ይቧጭራል። እናቶቻችን በወረንጦ ሲነቅሉት የኖሩት እሱ ነው። መንቀል ያስታግሳል፣ ፀጉሩ ግን መልሶ ይበቅላል። የቆብ ቀዶ ሕክምናው ቀላል ነው፣ በማደንዘዣ ይሠራል። አባትሽ ወረንጦ በኪሳቸው የሚይዙ ከሆነ ተናገሪ።

አሁን ወደ ዋናው ደረስኩ።

የዓይን ግፊት የሚለካው በሦስት አራት ዓይነት መንገድ ነው። አንዱ ዓይን ላይ እፍ የሚል ማሽን ነው፤ ያስደነግጣል፣ አያምም። ሌላው ማደንዘዣ ጠብታ ከተደረገ በኋላ የዓይኑን ፊት በቀስታ የሚነካ ነው፤ ጠብታው ሲገባ ለአፍታ ያቃጥላል፣ ከዚያ ምንም አይሰማም። ውጤቱ ከ10 እስከ 21 ከሆነ በአብዛኛው እንደ ልክ ይያዛል። ከዚህ ከፍ ያለ ሁሉ ታማሚ አይደለም፤ በዚህ ውስጥ ያለ ሁሉም ጤነኛ አይደለም። ቁጥሩ ብቻውን የማይበቃው ለዚህ ነው፤ ውስጡ መታየት አለበት።

ውስጡን ለማየት ነው እንግዲህ አባትሽ የፈሩት ጠብታ። ብሌን ማለት ቀዳዳ ናት፤ ብርሃን ሲበዛ ትጠባለች፣ ሲጨልም ትሰፋለች። ጠብታው የሚያጠባትን ጡንቻ ለጥቂት ሰዓት ያዝናናዋል። የማጀትን ሽንቁር አጮልቆ ማየትና በሩን ከፍቶ መግባት ያላቸው ልዩነት ነው። ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይጠበቃል፤ በዚህ ሰዓት አግዳሚው ላይ ዓይናቸውን ጨፍነው ይቀመጡ። ከዚያ ቅርቡ ይደበዝዛል፣ ፀሐይ ይወጋቸዋል። ከ4 እስከ 6 ሰዓት ገደማ ውስጥ ወደ ቦታው ይመለሳል። «ብሌን ያፈሳል» የሚለው ወሬ የመጣው ከዚህች ብዥታ ይመስለኛል፤ ጠብታ ተደርጎለት ሳይነገረው የወጣ ሰው መንገድ ላይ ታወርኩ ብሎ ቢጮህ አልፈርድበትም። ጥላውን አምጪ ያልኩሽ ለዚያ ነው፤ ጋቢያቸውንም ወደ ግንባራቸው ሳብ ያድርጉት። በዚያ ቀን በቅሎ አይቀመጡ፣ ገደል መንገድ ብቻቸውን አይሂዱ። ከስንት አንድ ሰው ላይ ጠብታው ግፊትን በድንገት ሊያነሣ ይችላል፤ መርማሪው ከመጨመሩ በፊት የዓይናቸውን የፊት ክፍል ጥበት የሚያየው ለዚህ ነው። ማታ ከባድ የዓይን ሕመም፣ ራስ ምታት፣ ማስመለስ፣ መብራት ዙሪያ ቀስተ ደመና ማየት ከመጣ አትተኙ፣ በዚያው ሌሊት ተመለሱ።

ከዚያ መርማሪው ብርሃን ይዞ ጠጋ ይላል፤ በጣም ጠጋ ስለሚል ትንፋሹ ይሰማቸዋል። ሄልምሆልዝ የተባለ ጀርመናዊ እ.ኤ.አ. በ1851 በዚህ መንገድ የሕያው ሰው ዓይን ውስጥ ማየት እንደሚቻል እስኪያሳይ ድረስ ሐኪሞች ብሌን ለምን ጥቁር እንደሆነች ሲከራከሩ ኖረዋል። አሁን እኛ በየቀኑ የምናየው፣ ገላን ሳይቀድዱ የደም ሥር በሕይወቱ በግልጽ የሚታይበትን ቦታ ነው። ስኳርና ደም ግፊት እዚያ ጽሑፋቸውን ይተዋሉ። የዓይን ነርቭም እዚያ ይታያል፦ ክብ፣ ጠርዙ ሮዝ፣ መሐሉ ትንሽ ጎድጎድ ያለ። ግላኮማ ጎድጓዳውን እያሰፋ ጠርዙን ይበላዋል። ሰውየው ምንም አይሰማውም። መጀመሪያ የሚጠፋው የዳር እይታ ነው፤ ፊት ለፊቱ ያለውን ፊደል እስከ መጨረሻው ድረስ ያነባል።

ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት አንድ የሃምሳ ዓመት ሰው መጣ፣ የገበያ ቀን ነው፣ ወረፋው እስከ ደጅ ወጥቷል። «መኪና ያመልጠኛል፣ ማንበቢያ ብቻ ስጠኝ» አለኝ። ሁለቱም ዓይኑ ሩቁን በደንብ ያያል። ፕላስ አንድ ተኩል ሰጠሁት፣ መርቆኝ ሄደ። ግፊቱን አልለካሁም፣ ጠብታ አላደረግሁም። ከሦስት ዓመት በኋላ ልጁ እጁን ይዞት ገባ፤ በሩ መቃን ላይ ትከሻው ተጋጨ። መነጽሩን ያኔም አድርጎት ነበር። ውስጡን ሳየው የነርቩ ጠርዝ አልቋል። ያ የጠፋ አይመለስም፤ ጠብታ የቀረውን ነው የሚያቆየው፣ ለእሱ ደግሞ የቀረው ትንሽ ነበር። ያኔ መኪናው እንዲያመልጠው ማድረግ ነበረብኝ።

ስለዚህ አንቺ እንዲህ በዪ። ሰሌዳ ተነቦ፣ መነጽር ተጽፎ «ጨርሳችኋል» ቢሏችሁ አትነሺ። «ግፊታቸው ስንት ነው? ነርቫቸው ታየ?» ብለሽ ጠይቂ። በትሕትና፣ ግን ጠይቂ። ወረፋ ሲበዛ መጀመሪያ የሚዘለለው ይህ ክፍል ነው፤ በአባትሽ ዕድሜ ደግሞ ዋናው እሱ ነው።

ምን ሊገኝ ይችላል? ምናልባት ከማንበቢያ መነጽር በቀር ምንም። ምናልባት ጅምር ሞራ። በ1998 ዓ.ም. በተደረገው አገር አቀፍ የዓይን ጥናት ከዓይነ ስውርነት ግማሽ ያህሉ በሞራ የመጣ ነበር፤ እና ሞራ የሚመለስ ስውርነት ነው። ቀዶ ሕክምናው በአካባቢ ማደንዘዣ ይሠራል፣ ብዙ ጊዜ ግማሽ ሰዓት አይሞላም፣ የደከመችው ሌንስ ወጥታ ሰው ሠራሽ ትተካለች። «ሞራው እስኪበስል ጠብቁ» የሚለው የድሮ ምክር ነው፤ አሁን የሚሠራው እይታቸው ለሥራቸው ማነስ ሲጀምር ነው። በጣም የበሰለ ሞራ እንዲያውም ለሐኪሙ ያስቸግራል። ግላኮማ ከተገኘ ግን ነገሩ ይለያል፦ ጠብታው የዕድሜ ልክ ነው፣ ስላልቆጠቆጠኝ ተሻለኝ ተብሎ አይቆምም፣ ጠበል ሲሄዱም አብሮ በኪስ ይሄዳል። ያኔ አንቺም ወንድሞችሽም መታየት አለባችሁ፤ የአባት ግላኮማ የልጅ ጉዳይ ነው።

ጊዜውን ጠይቀሻል፤ ምርመራው ራሱ ጠብታው የሚጠበቅበትን ጨምሮ ከአንድ ሰዓት ተኩል እስከ ሁለት ሰዓት ነው። የቀረው ወረፋ ነው። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ካርድ ካወጣችሁ ከሰዓት በኋላ ትወጣላችሁ። ማታውን ደብረ ማርቆስ ዘመድ ቤት ማደር ከቻላችሁ ግን እደሩ፤ በሰፋ ብሌን ሚኒባስ ውስጥ የፀሐይ ወገን መቀመጥ ጥሩ አይደለም። ምንም ካልተገኘ በዓመት ወይም በሁለት ዓመት ይመለሱ። በመካከሉ የሚበር መብራት ብልጭ ብልጭ ካለባቸው፣ የጥቁር ነጠብጣብ መንጋ ከታያቸው፣ ወይም ከጎን መጋረጃ የወረደ ከመሰላቸው ቀጠሮ አይጠብቁ።

ስትወጡ ወረቀቱን ተቀበዪና ቆመሽ አንብቢው። የየዓይኑ እይታ በመነጽርና ያለ መነጽር፣ የየዓይኑ ግፊት፣ የነርቩ ጎድጓዳ መጠን (0.3 ዓይነት ቁጥር ነው፤ ወደ 0.8 ሲጠጋ ያሳስባል)፣ የመነጽሩ ቁጥር፤ እነዚህ ካልተጻፉበት መልሰሽ ስጫቸውና ያስገቡልሽ። በስልክሽ ፎቶ አንሺው፣ ዋናውን የኔታ ዳዊቱ ማኅደር ውስጥ ያኑሩት። የሚቀጥለው መርማሪ እኔም ልሁን ሌላ፣ ነርቩ ተለውጦ እንደሆነ የሚያውቀው ከዚያ ወረቀት ጋር ሲያስተያየው ነው።